አሥራ ስምንት ብር ከመቶ

ከባቱ ወጥቶ በሐዋሳው መንገድ ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው አዳሚ ቱሉ ቶሎ የምታልፍ ከተማ ናት። አስፋልቱ መሃሏን ሰንጥቆ ወደ ቡልቡላ ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪ፣ የሽንኩርት ጆንያና የቲማቲም ሣጥን ነው። ሰው የሚያውቃት በጸረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካዋና በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። እኛን ወደዚህች ከተማ የሚያመጣን ጉዳይ ከሁለቱም አነስ ያለ ነው፦ በመምህራኗ ፔሮል ላይ «ጡረታ 7%» የምትል ጠባብ ዓምድ።

ፔሮል ያየ ሁሉ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ስም፣ የወር ደመወዝ፣ የሥራ ግብር፣ ጡረታ፣ የማኅበር መዋጮ፣ የብድርና ቁጠባ ተቀናሽ፣ የተጣራ ተከፋይ። መምህሩ ዓይኑን የሚጥለው መጨረሻው ላይ ነው፤ መሃል ያለው አንዴ ሄዷል። ደመወዙ 12,000 ብር ነው እንበል። ከእሱ 840 ብር ይቀነሳል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ያክልበታል። ድምሩ 2,160 ብር፣ ከመቶው አሥራ ስምንት ነው። ይህ ምዕራፍ ያንን 2,160 ብር ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ተነስቶ የጡረታ አበል ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ይከተለዋል።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ሲጠጣ ጥያቄው በየጊዜው ይነሳል። «መንግሥት በጀት አለቀብኝ ካለ የእኛ ጡረታስ?» አጠገቡ ያለው ይስቃል፦ «አንተ ደግሞ! ደመወዙን መቼ በልተን ጨረስነውና!» ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም። መልሱ ደግሞ ብዙዎቻችን ከምንጠብቀው አቅጣጫ ይመጣል። የኢትዮጵያ የመንግሥት መምህር ጡረታ አንድ ቀን ድንገት «የለም» ይባላል የሚለው ስጋት ከአደጋዎቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ትልቁ አደጋ አበሉ ሳይቋረጥ እየተከፈለ መቅለሉ ነው።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ብዙ ሰው ጡረታን የሚያስበው እንደ እቁብ ነው፦ የጣልኩት ተጠራቅሞ በስሜ ተቀምጧል፣ ተራዬ ሲደርስ አነሳዋለሁ። የእኛ የጡረታ ሥርዓት የሚቀርበው ለእድር ነው። ዛሬ የሚሠራው ያዋጣል፤ የዛሬው ጡረተኛ ቤት ከዚያ ይደገፋል። በመምህሩ ስም የተከፈተ፣ የእሱ ብቻ የሆነ የገንዘብ ሣጥን የለም። የሚጠበቅለት ድርሻ አይደለም፣ ቃል ነው። ያም ቃል በቀመር ተጽፏል፦ አሥር ዓመት አገልግሎ ለጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሰው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ሲከፈለው የነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ጭማሪ፤ ጣሪያው 70 በመቶ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማረ 61.25 በመቶ ያገኛል። ጣሪያውን ለመንካት አርባ ሁለት ዓመት ማገልገል ይጠይቃል፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ጠመኔ ያልጨበጠ ሰው በስልሳ ዓመቱ ጣሪያውን አያየውም ማለት ነው።

ቃሉ የተገባው በንጉሡ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሲመሠረት፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209 መልክ ሲይዝ፣ ሠራተኛው 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ባለሥልጣን ከቤተ መንግሥት መሬት ወይም ሌላ ችሮታ ይጠብቅ ነበር እንጂ ይገባኛል የሚለው ሕግ አልነበረውም። አሥር በመቶ የሆነው መዋጮ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 መዋጮውን በየዓመቱ ከፍ እያደረገ 7 እና 11 ላይ አደረሰው፤ በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1267 ሕጉን በአዲስ ሲተካም ይህንኑ መጠን ይዞ ቀጠለ። ከአሥር ወደ አሥራ ስምንት የተደረገው ዝላይ ራሱ ብዙ ይናገራል። ደኅና ነው የተባለ ፈንድ መዋጮውን እንዲህ አያሳድግም።

አሁን ገንዘቡን እንከተል። የአዳሚ ቱሉ መምህር ደመወዙን የሚያገኘው ከአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ነው። ወረዳው ገንዘቡን ከኦሮሚያ ክልል ያገኛል፤ ክልሉ ከራሱ ገቢና ከፌዴራል መንግሥት ጥቅል ድጎማ። ጡረታው ግን የፌዴራል ነው፤ ፈንዱን የሚያስተዳድረው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ስለዚህ ቃል የገባው አንድ አካል፣ መዋጮውን ቀንሶ የሚልከው ሌላ አካል ነው። የገንዘብ እጥረት መጀመሪያ የሚገባው በዚህ ስንጥቅ ነው።

አንድ አርባ መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት በአማካይ 10,000 ብር ይከፍላል እንበል። የወሩ የደመወዝ ድምር 400,000 ብር ነው። ከመምህራኑ የሚቀነሰው 28,000፣ ወረዳው የሚጨምረው 44,000፣ በጠቅላላው 72,000 ብር በየወሩ ወደ ጡረታ ፈንዱ መሄድ አለበት። የወሩ መጨረሻ ደረሰ፣ የወረዳው ካዝና ሳሳ። የሒሳብ ሹሙ ፊት ሁለት ክፍያዎች አሉ። የተጣራ ደመወዙ ከዘገየ በማግስቱ አርባ መምህራን ቢሮው ደጃፍ ይቆማሉ። 72,000ው ከዘገየ ማንም አይመጣም። የመምህሩ ፔሮል ላይ 7 በመቶው ተቀንሷል ተብሎ ተጽፏል፤ የተጣራው አልጎደለበትም፤ ገንዘቡ ወደ ፈንዱ ይግባ አይግባ ከፔሮሉ አይታይም። በሦስት ወር 216,000 ብር ይጠራቀማል፤ ማንም ድምፅ አላሰማም።

ሕጉ ይህን ያውቃል። የቀነሰውን መዋጮ በወቅቱ ገቢ ያላደረገ መሥሪያ ቤት ተጠያቂ ነው። ነገር ግን አስገዳጁም ተገዳጁም የመንግሥት አካላት ሲሆኑ ግዳጁ ምን ያህል እንደሚለሰልስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል።

በጩኸት የሚታየውን እጥረት ለማየት ከአዳሚ ቱሉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው መንገድ ሻሸመኔ ደርሶ በአላባ በኩል ወደ ሶዶ የሚወርድ ሰው፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደመወዝ ለወራት ያልተከፈላቸው ወይም በመቶኛ ተቆራርጦ የተከፈላቸው መምህራን ወዳሉበት አገር ይደርሳል። በወላይታ፣ በሐዲያና በአካባቢው ዞኖች መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን አነሱ። ከምክንያቶቹ አንዱ ተብሎ ሲጠቀስ የነበረው ገበሬው በዱቤ የወሰደው የማዳበሪያ ዕዳ ነው፤ ዕዳው ሳይመለስ ሲቀር ከበጀት ይያዛል፣ በጀቱ ሲያዝ ደመወዝ ይጎድላል። የማዳበሪያ ዕዳ በምን ሰንሰለት የኬሚስትሪ መምህር እራት ላይ እንደሚደርስ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ለጡረታው ጉዳይ ግን ትርጉሙ ይህ ነው፦ ደመወዝ ባልተከፈለበት ወር ከደመወዝ የሚቀነስ መዋጮም የለም።

ታዲያ የወላይታው ወረዳ መዋጮ ስላላስገባ የወላይታው ጡረተኛ አበል ይቀራል? አይቀርም። የሥርዓቱ ጥንካሬ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ሲወራለት አልሰማም። ፈንዱ አገር አቀፍ ነው። የአዳሚ ቱሉ፣ የሶዶ፣ የደብረ ማርቆስና የጅግጅጋ መምህር የሚጠጡት ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ አንዱ ወረዳ ቢደርቅ ሌላው ይሸፍነዋል።

ይህን ዋጋ ለመገመት አሜሪካንን ማየት ይረዳል። እዚያ እያንዳንዱ ስቴት፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ ከተማ፣ የራሱ የጡረታ ፈንድ አለው። ከተማዋ ስትከስር ጡረተኛዋም ይከስራል። ዲትሮይት በ2013 እ.ኤ.አ. መክሰሯን ካወጀች በኋላ የከተማዋ ሲቪል ሠራተኞች የጡረታ አበላቸው 4.5 በመቶ ተቆረጠ፣ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚጨመርላቸውም ቀረ። የኢሊኖይ ስቴት የመምህራን ፈንድ ለወደፊት ከሚከፍለው ዕዳ ግማሹን እንኳ የሚሸፍን ሀብት ሳይኖረው ዓመታት አልፈዋል፤ ስቴቱ ድርሻውን በየጊዜው ሳያስገባ ኖሯል። ነገር ግን የ1970ው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት የጡረታ መብት የማይቀነስ ውል ነው ይላል። ምክር ቤቱ በ2013 አበሉን የሚቀንስ ሕግ ሲያወጣ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ሕጉን ሻረው። በዚያው በ2015 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በተቃራኒው ፈረደ፦ ስቴቱ ለጡረታ ፈንዱ እከፍላለሁ ብሎ በሕግ የገባውን ዓመታዊ ክፍያ ባይከፍል በፍርድ ሊገደድ አይችልም። እኛ ዘንድ እንደ ኢሊኖይ አበሉ አይነካም የሚል የሕገ መንግሥት አንቀጽ የለንም። ያለን አዋጅ ነው፤ አዋጅን ምክር ቤት ያወጣል፣ ምክር ቤት ይሽራል። በሌላ በኩል አሜሪካኖቹ የሌላቸው አንድ ትልቅ ቋት አለን።

ወደ ቋቱ እንመለስ። የአገራችን ሕዝብ ወጣት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛው ቁጥር ለዓመታት ጨምሯል፤ የሚያዋጣው ከሚጦረው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ፈንዱ ከሚያወጣው በላይ ሲያስገባ ኖሯል። ትርፉ የት ሄደ? በአብዛኛው ለመንግሥት በብድር ተሰጠ። ለረጅም ጊዜ፣ መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ዋና ገዢዎች የሁለቱ የጡረታ ተቋማት፣ የመንግሥት ሠራተኞቹና የግል ድርጅት ሠራተኞቹ ፈንዶች ነበሩ። መንግሥት ከመምህሩ ደመወዝ 7 በመቶ ቀንሶ፣ 11 ጨምሮ፣ ወደ ፈንዱ ያስገባና ፈንዱ መልሶ ለመንግሥት ያበድረዋል። ክቡ ተዘጋ።

ማበደሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። በዓለም ዙሪያ የጡረታ ፈንዶች የመንግሥት ሰነድ ይገዛሉ፤ ከዚያ የሚታመን ተበዳሪ ብዙ የለም። ጥፋቱ ወለዱ ነበር። ገበያ ዋጋ የሚተምንበት ጨረታ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ በዓመት ከ2 በመቶ በታች ሲሆን የቆየበት ጊዜ ረጅም ነው። የዋጋ ንረቱ በዚያው ዘመን በአብዛኛው ባለ ሁለት አኃዝ ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። 100 ብር በ2 በመቶ ወለድ አሥር ዓመት ቢቀመጥና ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር፣ በአሥረኛው ዓመት ያ ገንዘብ የሚገዛው ዛሬ 30 ብር የሚገዛውን ነው። ሰባው ብር አልተሰረቀም፣ አልጠፋም፣ የትኛውም ኦዲተር ጎደለ ብሎ አይጽፈውም። መዝገቡ ላይ እንዲያውም 100ው ብር 122 ሆኗል። የመዋጮው መጠን ለምን ከአሥር ወደ አሥራ ስምንት እንደዘለለ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ፍለጋ ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም። በርካሽ የተበደረው ግምጃ ቤት ነው፤ ልዩነቱን የከፈለው አዋጪው ነው፤ ማንም ግን ግብር ብሎ አልጠራውም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ፈንዶቹ ይዘውት ከነበረው የአጭር ጊዜ ሰነድ ከፊሉ ወደ ረጅም ጊዜ ቦንድ ተዛወረ። የብር የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት በቀጥታ ማበደሩን እየተወ ሲሄድ የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድም ባለ ሁለት አኃዝ ሆነ። ለጡረታ ፈንዱ ይህ መልካም ዜና ነው። መንግሥት በጨረታ ዋጋ የሚበደር ከሆነ የመምህሩ መዋጮ ዋጋውን የመጠበቅ ዕድል ያገኛል።

ተበዳሪው ራሱ ቢቸገርስ? ጋና ይህን ጥያቄ በተግባር አይታዋለች። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የጋና መንግሥት የአገር ውስጥ ቦንድ የያዙ ሁሉ ሰነዳቸውን ወለዱ ባነሰና ጊዜው በተራዘመ አዲስ ቦንድ እንዲለውጡ ጠየቀ። ጥሪው የሠራተኞችን የጡረታ ፈንዶችም ይጨምር ነበር። የሠራተኛ ማኅበራቱ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ቀን ቆረጡ፤ ቀኑ ሳይደርስ መንግሥት የጡረታ ፈንዶቹን ከጥሪው አወጣ። ቁጠባቸውን በግላቸው በቦንድ ያስቀመጡ ጡረተኞች ግን በማግስቱ ዓመት ገንዘብ ሚኒስቴር ደጃፍ መቆም ነበረባቸው፤ ከመካከላቸው የአገሪቱ የቀድሞ ዋና ዳኛ ሶፊያ አኩፎ ነበሩ። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የውጭ ቦንዷን ወለድ ሳትከፍል ቀርታ የዕዳ ሽግሽግ ድርድር ውስጥ ገብታለች፤ ድርድሩ ግን ስለ ውጭ ዕዳ ነው፣ የአገር ውስጡን አልነካም። የጋናው ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው፦ ፈንዶቹን ያዳነው የሕግ አንቀጽ ሳይሆን የተደራጀ ሠራተኛ ነበር።

እስካሁን ያወራነው ወደ ፈንዱ ስለሚገባው ነው። የሚወጣውስ? መምህሩ በመጨረሻ እጁ የሚገባው ገንዘብ በፈንዱ ሀብት መጠን አይወሰንም፤ በቀመሩ ነው። ቀመሩ ውስጥ ደግሞ ብዙዎች ልብ የማይሏት አንዲት ሐረግ አለች፦ «የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ»።

ዋጋ በተረጋጋበት አገር ይህች ሐረግ ምንም አታመጣም። እኛ ዘንድ ግን የመንግሥት ደመወዝ ለዓመታት ይተኛና በአንድ ቀን ይዘላል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነውን ማስተካከያ ብቻ እንውሰድ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ከፍ ብሏል። አሁን ሦስት መምህራንን እናስብ። ሦስቱም ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግለዋል፣ ሦስቱም በአንድ እርከን ናቸው፣ ደመወዛቸው ለስሌት እንዲመች ከ8,000 ወደ 12,000 ብር አደገ እንበል። የመጀመሪያው ጭማሪው ከመምጣቱ አንድ ቀን በፊት ወጣ፤ አማካዩ 8,000 ነው፣ አበሉ 4,900 ብር። ሁለተኛው ከጭማሪው አንድ ዓመት በኋላ ወጣ፤ ሁለቱ ዓመታት በ8,000፣ አንዱ በ12,000 ተሰልተው አማካዩ 9,333 ይሆናል፤ አበሉ 5,716 ብር። ይህ ሰው ባለፈው ወር 12,000 ብር ሲበላ ነበርና በወረቀት ላይ 61.25 በመቶ የተባለው ጡረታ በኪሱ 48 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቆ ወጣ፤ 7,350 ብር አገኘ።

በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት 2,450 ብር ነው፤ የማስተማር ችሎታም፣ የመዋጮ መቶኛም አልተለያዩም፤ የልደት ቀናቸው ነው የለያቸው። ልዩነቱ በቤታቸውም ይቀጥላል። ጡረተኛው ሲሞት ለትዳር ጓደኛው የሚተላለፈው ከአበሉ ግማሹ ነውና የአንደኛው ባለቤት 2,450፣ የሦስተኛው 3,675 ብር ይደርሳታል። የወጣ ሰው አበል ከሠራተኛው ደመወዝ ጋር አብሮ በራሱ አያድግም። ጭማሪ ይመጣል፣ መጥቶም ያውቃል፤ ግን በየጊዜው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲወስን ነው። የዋጋ ንረቱ ውሳኔ አይጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. ዋጋ በአንድ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲጨምር፣ አበሉ ያልተነካ ጡረተኛ ያለማንም ውሳኔ ከአበሉ ሩብ ያህሉን አጥቷል። ዲትሮይት 4.5 በመቶ ስትቆርጥ የዓለም ጋዜጦች ጽፈውላታል።

የጎረቤታችን የኬንያ መምህራን በዚሁ ቀዳዳ ሲከራከሩ ኖረዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ማኅበራቸውና መንግሥት የተፈራረሙት የደመወዝ ጭማሪ በየደረጃው እየተከፈለ ዓመታት ሲፈጅ፣ በመካከሉ የወጡት ጡረታቸው በአሮጌው ደመወዝ ተሰላ። ናኩሩ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2008 ፈረደላቸው፤ ክፍያው ግን ከፍርዱ በኋላም ለዓመታት ተጓተተ።

አበሉ ስለሚደርስበት መንገድም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ድሮ ጡረተኛ ደብተሩን ይዞ ፖስታ ቤት ይሰለፍ ነበር፤ ዛሬ በብዛት በባንክ ነው። ባንኩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በጦርነቱ ጊዜ በትግራይ ታይቷል። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የባንክ አገልግሎት ሲቋረጥ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሮ የወጣ የመቐለ ወይም የአድዋ መምህር መብቱ በአዋጅ እንዳለ ሆኖ ብሩን የሚያገኝበት መስኮት አልነበረውም። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስኪፈረምና ባንኮቹ ቀስ በቀስ እስኪከፈቱ ድረስ ከዓመት በላይ አለፈ። በሥራ ላይ የነበሩት መምህራን የአሥራ ሰባት ወራት ውዝፍ ደመወዝ ጥያቄ ከዚያም በኋላ አልሞተም። የፈንድ እጥረት ሳይኖር ጡረታ ሊቋረጥ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በባቱና በአዳማ የግል ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ሌላ ዓይነት ስጋት አለባቸው። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የግል ተቀጣሪ በሕግ የተቋቋመ ጡረታ አልነበረውም፤ እድለኛው ሥራ ሲለቅ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ፕሮቪደንት ፈንድ ነበረው። አዋጅ ቁጥር 715 በዚያ ዓመት የግል ድርጅት ሠራተኞችን በ7 እና በ11 ሥርዓት ውስጥ አስገባ፤ ከመንግሥት ወደ ግል ወይም ከግል ወደ መንግሥት የተዛወረ መምህርም አገልግሎቱ ተደምሮ ይያዝለታል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ የግል ትምህርት ቤት እንደ ወረዳ አይደለም፤ ሊዘጋ፣ ሊሸጥ፣ ስሙን ሊቀይር ይችላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ የተማሪ ክፍያ የተቋረጠባቸው ባለቤቶች መጀመሪያ ምን እንደሚያዘገዩ መገመት አይከብድም። የመንግሥት መምህር መዋጮ ባይገባለት ወረዳው ነገም አለ፤ ይጠየቃል። የፈረሰ ድርጅት ያላስገባውን የስድስት ዓመት መዋጮ በስልሳ ዓመት ዕድሜ መፈለግ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ከሁሉም በላይ የአዳሚ ቱሉ መምህር አበሉን የሚያዘገይበት የፈንዱ እጥረት ሳይሆን የገዛ ፋይሉ የሆነባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። በመጀመሪያ ቅጥሩ ዕለት የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ያስመዘገበው የልደት ዘመን ሕጉ የሚያውቀው ብቸኛ ዕድሜው ነው፤ በኋላ ከቀበሌም ከቤተ ክርስቲያንም የሚመጣ ማስረጃ አይለውጠውም። በአማርኛ የተከፈተ የ1970ዎቹ ፋይል ላይ «ቶሎሳ» የተባለው ሰው፣ ክልሉ ሥራውን በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ ከጀመረ በኋላ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቶለሳ» ሆኖ ይገኛል፤ የባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው። አንዲት ፊደል ለማስተካከል ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ወረዳ ይመላለሳል። ትዳር የፈታ፣ እንደገና ያገባ፣ ልጅ የወለደ ቅጹን ካላሳደሰ የሚቸገሩት እሱ ከሞተ በኋላ ተተኪዎቹ ናቸው። የአስተዳደሩ ውሳኔ ያልተዋጠለት ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያመለክታል፤ ጉባኤውም የሚያየው ወረቀት ነው።

ስለዚህ በማረፊያ ክፍሉ የሚነሳው ጥያቄ ትንሽ ቢስተካከል መልስ ያገኛል። «መንግሥት በጀት ቢያልቅበትስ?» ለሚለው አዳሚ ቱሉ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም። «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ከእኔ የተቀነሰው 7 በመቶና የወረዳው 11 በመቶ ወደ ፈንዱ ገቢ የሆነበትን ማስረጃ አሳዩኝ፤ በጡረታ መለያ ቁጥሬ ላይ ስሜ እንዴት ነው የተጻፈው?» ለሚለው ግን በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት መልስ አለ። ጥያቄው በአንድ መምህር ሲቀርብ ሒሳብ ሹሙ «ነገ ተመለስ» ይላል። በትምህርት ቤቱ የመምህራን ማኅበር በኩል፣ በአርባ ሰው ፊርማ፣ በየሩብ ዓመቱ ሲቀርብ ግን የመዋጮው 72,000 ብርም እንደ ደመወዙ ጠያቂ ያገኛል።